ፍላሹ ጥሎት የመጣው ስም

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የማወራው ነገር ደግነቱን ሊያስረሳ ስለሚችል ነው። የእህቴ ሠርግ በተቃረበበት ሳምንት፣ የእናቴ ላፕቶፕ አንዲት ቁልፍ አልጫን ብላ እንዳስቸገረች አየና ማንንም ሳያማክር ብብቱ ሥር ሸጉጦ ኮልፌ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰደው። ከሰዓት በኋላ ይዞት ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

“ቁልፏ ተሠርታለች። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ በዚያውም ሙልጭ አድርገው ፎርማት አደረጉልኝ። አሁን እንደ አዲስ ነው” አለ።

በእኛ ከተማ ኮምፒውተርን ምንም ይንካው ምን መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ቀረፈፈ ከተባለ ፎርማት ይደረጋል፣ ማራገቢያው ከጮኸ ፎርማት ይደረጋል፣ ሻይ ከተደፋበትም ደርቆ ፎርማት ይደረጋል። የጥገና ቤቱን ልጆች አልወቀስኳቸውም፤ ውለታ የዋሉልን መስሏቸው ነው። እኔ ግን ላፕቶፑን ከፍቼ ባዶውን ሰማያዊ ገጽ ሳይ ምን እንደጠፋ ገባኝ። የታጠበው የእናቴ ድምፅ ነበር።

እናቴ ዕድሜዋን መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ሰፈሩ በሙሉ “ቲቸር” ይላታል፤ ያስተማረቻቸው ልጆች ይላሉ፣ የልጆቹ ወላጆች ይላሉ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ሳይቀሩ “ቲቸር፣ ማዳበሪያውን አውጡልን” እያሉ ነው በሩን የሚያንኳኩት። ጉሮሮዋ ላይ እብጠት ተገኝቶ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናው ድምፅዎን ይወስደዋል ሲሏት፣ እሷ አንገቷን ነቀነቀች። እኔ ኮድ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝና ቶሎ የታየኝ መቅዳት ነው። የመኝታ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈንኩ፣ ማይክሮፎን አፏ ላይ ደቀንኩና የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ አስነበብኳት። የእኛ ፊደል ለዚህ ያመቻል። እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ ድምፅ ስለሆነ፣ ድምፆቹን በወጉ መገጣጠም የቻለ ፕሮግራም የፈለገውን ቃል ይናገራል። እናቴም ለሕፃናቱ ታስቆጥር በነበረበት ዜማ አንድ በአንድ አለቻቸው። “ል” ስትል ግን ውጭ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰው “ቆራሌው!” እያለ ሲያልፍ ድምፁ አብሮ ገባ። ድገሚው ስላት እጇን አወዛወዘች፤ ደክሟት ነበር። ስለዚህ እናቴ በማሽኑ “ልጄ” ባለች ቁጥር ከኋላዋ፣ በሩቁ፣ አንድ ቆራሌው ይሰማል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በዚያ ላፕቶፕ ነበር የምትኖረው። እንግዳ ሲመጣ ትጽፋለች፣ ማሽኑ በእሷው ድምፅ ይናገርላታል። ስልክ ሲደወልላትም እንዲሁ። ቀርፋፋና ቆራጣ ድምፅ ነው፣ ግን የእሷ ነው። እኔን ለመጥራት ብቻ በማሽኑ አትጠቀምም፤ ማጨብጨብ ይፈጥናላ። ያን ጭብጨባ እጠላዋለሁ። በቤት ስሜ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ እህቴም ሆነች ሰፈሩ የሚያውቁኝ በትምህርት ቤት ስሜ ነው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያ የቤት ስም በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም።

እንግዲህ አባታችን ቀድሞን ስላረፈ፣ እሑድ ሙሽራዋን አስቀምጣ የምትመርቃት እናቷ ብቻ ናት። አጎቴ ጥፋቱ ሲገባው “እኔ እመርቃታለሁ፤ እኔም እኮ የእናቷ ወንድም ነኝ” አለ። አጎቴ ምርቃት ከጀመረ ሙሽሮቹ ወልደው ከብደው ነው የሚጨርሰው። እህቴ ግን አልሳቀችም። “እማዬ ካልመረቀችኝ ከዚህ ቤት አልወጣም” ብላ ክፍሏ ገባች። እናቴ የድሮ የማስተማሪያ ሰሌዳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጠመኔ ጻፈችና ወደ እኔ አዞረችው። “በድምፄ ነው የምመርቃት” ይላል።

እሺ አልኳት። ሰው እናቱን ምን ይላታል?

የድምፅ ቅጂዎቹና የጻፍኩት ኮድ ሌላ ቦታ ስለነበሩ አልጠፉም። የጠፋው ከኮዱ የተሠራው ፕሮግራም ነው። ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚሠራበት ፕሮግራም የሚለውጠው ኮምፓይለር ይባላል። ላፕቶፑ ላይ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሲስተም መልሼ ስጭን አብሮት የመጣው ኮምፓይለር አዲስ ነው፤ የእኔ ኮድ ደግሞ በአሮጌ አጻጻፍ የተጻፈ። አዲሱ ኮምፓይለር ኮዴን ሲያየው የስህተት መዓት አወረደብኝ። እንደገና ልጻፈው ብል፣ ድምፆቹን ጫፍ ለጫፍ የሚያጣብቀው ክፍል ብቻውን ወራት የፈጀብኝ ነው። የቀረኝ አሮጌውን ኮምፓይለር ማግኘት ነበር፤ እሱም ተዘጋጅቶ የሚገኝ አልሆነም። የተገኘው ጥሬ ኮዱ ነው። ዳቦ ልጋግር ብሎ የተነሳን ሰው ምድጃውን ከጭቃው ጀምረህ ሥራ እንደማለት ነው።

ሐሙስ ከማለዳው መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ታክሲ ተሳፍሬ ሳንሱሲ፣ ፈጣን ማሽን ያለው ጓደኛዬ ቤት ሄድኩና ሥራውን እዚያ ጀመርኩት። ኮምፓይለር ሲሠራ በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ያለው ኮምፓይለር የምትፈልገውን ይወልደዋል፣ ከዚያ የተወለደው ራሱን መልሶ ይሠራል። የመጀመሪያው ደረጃ ሲያልቅ ጓደኛዬ ሰዓቱን አየ። ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ነው፣ ማሽኑንም ይዞት ይሄዳል። ግማሽ የተሠራውን ይዤ ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

በምን ይዤ? በፍላሽ ነዋ። እኛ ዘንድ ፊልሙም፣ መዝሙሩም፣ የሠርጉ ቪዲዮም ከቤት ቤት የሚዞረው በፍላሽ ነው። መገልበጡ እንደተጀመረ አንድ ሳጥን ብቅ አለ፤ ይህን ዓይነት ፋይል እዚህ ላይ ማስቀመጥ አልችልም፣ ልዝለለው ወይ ይላል።

“ዝለል በለው ባክህ፤ ሁሌ እንደዛ ነው የሚለው” አለኝ ጓደኛዬ ጫማውን እያሰረ።

ሁሉንም ዝለል አልኩት።

ዓርብ መብራት ነበረ። ላፕቶፑን ከፍቼ ሥራውን ካቆመበት አስቀጠልኩት። ጥቂት ሄደና ቆመ። የምሠራቸውን ፋይሎች ቅጥያ ማወቅ አልቻልኩም፣ ይላል። ቅጥያ የፋይል ስም ጭራ ናት፤ ስለ እሷ ማን ጠየቀህ? ግማሽ ቀን ሙሉ ቅጥያውን ሳሳድድ ዋልኩ። ከፍቼ አያለሁ፣ አጥፍቼ እጀምራለሁ፣ እዚያው ቦታ ይቆማል። በረንዳው ላይ ሴቶቹ ሽንኩርት እየላጡ ይሳሳቃሉ፤ ሳቃቸው ሁሉ በእኔ ላይ መሰለኝ።

የማሽን ስህተት አንዳንዴ እንደ እኛ እንደ አበሾች ነው፤ እውነተኛውን ነገር ፊት ለፊት አይነግርህም። ማሽኑ ለራሱ የሚይዘውን ረጅም የሥራ ዘገባ እየጎተትኩ እየጎተትኩ ወደ ታች ስወርድ ትክክለኛው ችግር እዚያ ተቀብሮ አገኘሁት። ኮምፓይለሩ ለስሌት የሚጠቀምባቸው ሦስት ላይብረሪዎች አሉ። ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት የተዘጋጀ ሥራ ነው፤ ፕሮግራሙ በውስጡ አይሸከመውም፣ ሲፈልገው በስሙ ይጠራዋል። አዲስ የተወለደው ኮምፓይለሬ ከሦስቱ አንዱን ጠርቶ አጥቶታል። የጋራ ላይብረሪውን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም፣ ይላል። የቅጥያው ወሬ ማመካኛ ነበር።

ደስ አለኝ፣ ለአፍታ። ላይብረሪውን እኮ ይዤው መጥቻለሁ! ማህደሩን ከፍቼ ተመለከትኩ፤ አለ። እዚያው ቁጭ ብሏል። መጠኑ ልክ ነው፣ ቦታው ልክ ነው። ማሽኑን መልሼ ጠየቅኩት። እንዲህ ያለ ፋይል የለም። የት እንደሚፈልገው አላወቀ ይሆናል ብዬ ቦታውን በጽሑፍ አሳየሁት። የለም። ፋይሉን ሌላ ቦታ ወሰድኩት። የለም። አንድ ሰው ዓይንህ እያየ እናትህን የለችም ቢልህ የሚሰማህ ነገር ነው የተሰማኝ፤ ከማሽን ጋር እየተጨቃጨቅኩ እንደሆነ እያወቅኩ ደሜ ፈላ።

በስልኬ ኢንተርኔት ስፈልግ ከዓመታት በፊት በትክክል ይኸው የገጠመውን ሰው አገኘሁ። ጥያቄውን አሳምሮ ጽፎታል፣ እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነው። መልሱን ፍለጋ ወደ ታች ወረድኩ። ማንም አልመለሰለትም። በመጨረሻ ራሱ ተመልሶ መጥቶ “ተፈታልኝ፣ አመሰግናለሁ” ብሎ ሄዷል። እንዴት እንደፈታው አልተናገረም። ይህ ሰው የት አገር እንደሚኖር አላውቅም፣ ግን ከልቤ ረገምኩት።

በዚያ መካከል ጭብጨባ ሰማሁ። እናቴ ናት። ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም። ደግማ አጨበጨበች። “መጣሁ አልኩ እኮ! ትንሽ ልሥራበት!” ብዬ ጮኽኩ፤ መጣሁም አላልኩም ነበር። እህቴ እጇ ላይ ሒናው ሳይደርቅ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች።

“ምሳህን ብላ ልትልህ ነው። ምን ያስጮህሃል?”

“አይሠራም” አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ አልኩት። “እሑድ አይደርስም። አጎቴ ይመርቅሽ።”

ሒና የተቀቡ እጆቿን ምንም እንዳይነኩ ወደ ላይ ይዛ እንባዋን መጥረግ አቅቷት ቆመች። እኔም ተነስቼ አልጠረግኩላትም። ባኞ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ፊቴን ስታጠብ ቆየሁ። ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። እናቴ እሑድ ዕለት ሰሌዳና ጠመኔ ይዛ ልጇ ፊት ስትቀመጥ፣ ጠመኔው ሲሰበርባት፣ ሰዉ ምን እንደጻፈች ለማየት ሲንጠራራ ታየኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍቼ ያንኑ መስመር ሳየው ሳለሁ እንደገና ጭብጨባ ተሰማ፤ በዚህ ጊዜ ከውጭ፣ ከግቢው በር። አንዴ አይደለም፣ ሳታቋርጥ ታጨበጭባለች። ተናድጄ ወጣሁ።

በሩ ላይ የድንኳን፣ የወንበርና የጄኔሬተር ጭነት የያዘ አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሾፌሩ ወረቀቱን እያየ ከፊት ለፊታችን ካለው ሱቅ ባለቤት ጋር ይነጋገራል። ዕቃውን ያዘዘው አጎቴ ነው፤ ውሉ የተያዘው በእናቴ መታወቂያ ላይ ባለው ሙሉ ስሟ፣ ከነአባቷ ከነአያቷ ነው። አጎቴ ስልኩን ዘግቷል።

“እንዲህ የምትባል ሴትዮ እዚህ ሰፈር የለችም” ትላለች ባለሱቋ። “ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ነው፣ ካለች እኔ አላጣትም። አድራሻ ተሳስተህ ነው የኔ ወንድም፤ እስቲ ወደ ዘነበወርቅ ጠይቅ።”

እናቴ በሁለቱ መካከል ቆማ ደረቷን እየነካች ታጨበጭባለች። ሾፌሩ ጉዳዩ እሷን የሚመለከት አልመሰለውም። “ማዘር፣ ከመኪናው ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ” ብሎ ማርሽ አስገባ።

ሮጬ የመኪናውን በር ደበደብኩ። “እሷ ናት! እሷ ራሷ ናት!”

ባለሱቋ አፏን በእጇ ያዘች። “ውይ! ቲቸርን ነው እንዴ? ታዲያ ቲቸር አይልም!” ከዚያ እናቴን እያቀፈች “አፈር ልብላልሽ ቲቸርዬ፣ በዚህ ስም ማን ያውቅሻል?” አለቻት። እናቴ ሳቀች፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ ትከሻ ብቻ የሚንቀሳቀስበት። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ወንበሩን የሚያወርዱት ሰዎች ዞር በል እስኪሉኝ ድረስ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ከዚያ ወደ ቤት ሮጥኩ።

እያንዳንዱ ላይብረሪ ከነስሪት ቁጥሩ የሚጻፍ ረጅም ሙሉ ስም አለው። ከጎኑ ደግሞ አጭር ስም ይቀመጥለታል። ይህ አጭሩ ስም ፋይል አይደለም፣ ወደ ረጅሙ የሚያመለክት ጠቋሚ ነው እንጂ፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ የሚጠሩት ግን በአጭሩ ነው። ጠቋሚ የሚባለውን ነገር ደግሞ ተራ ፍላሽ መያዝ አይችልም። ሳንሱሲ ላይ ልዝለለው ወይ ያለኝ እሱን ነበር፤ ዝለል ያልኩትም እኔ ነኝ። ላይብረሪው ከነሙሉ ስሙ በክብር መጥቶ እዚህ ተቀምጧል፣ ኮምፓይለሩ በአጭር ስሙ እየጠራው እንዲህ የሚባል የለም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

አጭሩን ስም በእጄ ፈጠርኩለት። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ሁለት ቀን ያለቀስኩበት ነገር አንድ መስመር። ሥራውን አስቀጠልኩ። ሄደ፣ ሄደና ቆመ፤ አሁን ሁለተኛው የለም አለ። ለእሱም ፈጠርኩ። ሦስተኛው የለም አለ። ለሦስተኛው ስፈጥር ቸኩዬ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ይጎርፉ ጀመር፤ ከወንበሬ ሳልነሳ አየኋቸው።

ቀትር ላይ መብራት ሄደ።

ራሴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁት። እውነቴን ነው፣ ግንባሬ አብጦ ነበር። ድንኳኑን ሊያስተክል መጥቶ ይህን ያየው አጎቴ ወጣ፤ ለሙዚቃው የመጣውን ጄኔሬተር ሲጎትት ሰማሁት፣ ገመዱን በመስኮት አስገባልኝ። ከዚያም በርጩማ አውጥቶ ጄኔሬተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዲጄው መጥቶ “ፋዘር፣ ሳውንድ ልንሞክርበት ነው” ቢለው “ጊታርህን ይዘህ ሂድ” አለው፤ ልጁ ጊታር አልነበረውም። ሴቶቹ በጭሱ ቢያማርሩም አልተነሳም። ኮምፓይለሩ ሲያልቅ፣ ከዚያ የእኔ ፕሮግራም ተሠርቶ ሲያልቅ አጎቴ ጆሮው በጩኸቱ ደንቁሮ ስለነበር ወጥቼ በእጄ ምልክት ነው የነገርኩት። ተነሳና ግንባሬ ላይ፣ ያበጠው ላይ ሳመኝ። አመመኝ።

አንዲት ቃል ብቻ ጽፌ ሞከርኩት። “ሰላም” አለች እናቴ፣ ከላፕቶፑ ውስጥ። እናቴ ራሷ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ መጣች፣ ላፕቶፑን ከእጄ ተቀብላ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋች። ከውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

እሑድ ሙሽሮቹ ጉልበቷን ስመው ፊቷ ተንበረከኩ። ሳሎኑ ሰው በሰው ነው። እናቴ ትናንት ምርቃቷን ጽፋ ያዘጋጀችበትን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አመቻችታ አንዷን ቁልፍ ተጫነች። “ልጄ” አለ ድምፁ፤ ከኋላው በሩቁ ቆራሌው አለፈ። አንዳንድ ሰው ወደ መስኮቱ ዞረ። እህቴ ከትከት ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። “የረገጥሽው ይለምልም።” “ል” ላይ ቆራሌው ደግሞ አለፈ። አሜን አለ ቤቱ። እናቴ አሜኑ እስኪያልቅ ትጠብቅና ቀጣዩን ትጫናለች፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ናት፣ ልጆቹን አስብላ መጠበቅ ታውቃለች። “እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ።” አሜን። “ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ።” አሜን። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሜን የሚለው አጎቴ ነበር፤ ጆሮው ገና አልተከፈተለትም።

ሠርገኛው እየጨፈረ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረነው ወንበር የምናጥፍ ጥቂት ሰዎች ነን። እጄ ላይ ወንበር እንደያዝኩ፣ ከቤት ውስጥ አንድ ሰው በቤት ስሜ ጠራኝ።

“አቤት!” አልኩና ወንበሩን ጥዬ ሮጥኩ። በየትኛው ድምፅ እንደተጠራሁ የገባኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው።

ባዶው ሳሎን ውስጥ እናቴ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ብቻዋን ተቀምጣለች። “ምን ፈለግሽ እማዬ? ውኃ ላምጣልሽ?” አልኳት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ምንም አልፈለገችም። ፊቷ ቆሜ እያየኋት፣ ስሜን የጠራችበትን ያችኑ ቁልፍ ደግማ ተጫነቻት።

“አቤት” አልኩ።